ባሏ በዒድ ዕለት «መልሻታለሁ» ይላል፤ እኔ ወሊይዋ ግን «አልድርም» ብዬ ምያለሁ

የአዲስ ዓለም ልጅ፦

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የማቀርበው ጉዳይ የታናሽ እህቴ ነው። አባታችን ወደ አኺራ ስለሄዱ ወሊይዋ (በጋብቻ የምድራት ኃላፊዋ) እኔ ነኝ። ባለቤቷ በረጀብ ወር አጋማሽ ላይ «ፈትቼሻለሁ፤ ወደ ቤተሰብሽ ሂጂ» የሚል መልእክት በስልኳ ላከላት። እሷም በዚያው ቀን ሁለቱን ልጆቿን ይዛ ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ወደሚገኘው የእናታችን ቤት መጣች። ከዚያ ወዲህ ሰውየው የልጆቹን ወተት እንኳ ጠይቆ አያውቅም፤ ሻዕባንም ረመዳንም እንዲሁ አለፉ። አሁን ከዒዱ ወር ቀጥሎ ያለው ዙልቂዕዳ ከገባ በኋላ ሽማግሌዎች ወደ ቤታችን መጡ። ሰውየው በዒደል ፊጥር ዕለት ከሶላት ሲመለስ ለአንድ ጓደኛው «ሚስቴን መልሻታለሁ» ብሎ ስለነገረው ጋብቻው እንዳልፈረሰ ገልጸው፣ እህቴ ዕቃዋን ይዛ ወደ ቤቷ እንድትመለስ ጠየቁን። ይህን ነገር እሷም ሆነች እኛ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማነው ያን ቀን ነው።

እኔም «ወላሂ፣ ለዚህ ሰው ሁለተኛ አልድራትም» አልኩ፤ ሽማግሌዎቹም ቅር ብሏቸው ተነሡ። እህቴ ግን ማታ ለእናታችን፣ ከእናቱ ቤት የተለየ ቤት ከያዘላት ለልጆቿ ስትል ብትመለስ እንደማትጠላ ነገረቻት። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። እህቴ አሁን የሰውየው ሚስት ናት ወይስ አይደለችም? ካልሆነችስ እኔ እንደ ወሊይነቴ መከልከል እችላለሁ?

ነጋዴ ከቅዳሜ ገበያ፦

ወዐለይኩሙ ሰላም። ወንድሜ፣ ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል። አዲስ ዓለም ከአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ጀምሮ የሙስሊሙ ሰፈር ሆኖ የኖረ፣ ሰው ሁሉ የሚተዋወቅበት መንደር ነው። በዚያ ሰፈር ሽማግሌ ደጅ ከቆመ ነገሩ ያልቃል እንጂ ወደ ክርክር አይገባም። ልጆች አሉ፣ ሴትየዋም ፈቃደኛ ናት፤ በግ ይታረድ፣ ፋቲሓ ይቀራና ትመለስ። በዝርዝር ጥያቄ ማብዛት የተዘጋ ቁስል መነካካት ነው ባይ ነኝ።

የፊቅህ ደረሳ፦

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። የነጋዴው ወንድማችን ቅንነት አይጠረጠርም፤ ነገር ግን በዚህ ጉዳይ ላይ እርቁ ራሱ የሚቆመው በዝርዝሩ ላይ ነው። አንድ ሰው የፈታት ሴት ዒዳዋ (ከፍቺ በኋላ የምትጠብቀው ጊዜ) ሳያልቅ ከሆነ ያለ አዲስ ኒካህ (የጋብቻ ውል) እና ያለ አዲስ መህር (ባል ለሚስት የሚሰጠው ጥሎሽ) በቃሉ ሊመልሳት ይችላል፤ ይህ ረጅዓ የሚባለው ነው። ዒዳዋ ካለቀ ግን ለእሱ እንደ ማንኛውም ባዕድ ሴት ናት፤ እንደገና የሚያገባት በፈቃዷ፣ በአዲስ ኒካህ፣ በምስክርና በመህር ነው። ፍቺው ሦስተኛ ከሆነ ደግሞ በጉም ሽማግሌውም አይመልሳትም። በሱረቱል በቀራ 230ኛው አንቀጽ እንደተደነገገው ሌላ ባል በእውነተኛ ጋብቻ አግብታ፣ አብራው ኖራ፣ ያም ጋብቻ በራሱ ምክንያት ካልፈረሰ በቀር ለመጀመሪያው አትፈቀድም። እንግዲህ «ትመለስ» የሚለው ቃል በአንደኛው ሁኔታ ሐላል፣ በሁለተኛው ያለ ኒካህ ዝሙት፣ በሦስተኛው ደግሞ ጨርሶ የተዘጋ ይሆናል። ሽማግሌ ሊያውቀው የሚገባው የመጀመሪያ ነገር ከፊቱ ያለው ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ነው።

ስለዚህ የአዲስ ዓለሙን ወንድማችንን እጠይቃለሁ። ከዚህ በፊት ፈትቷት ያውቃል? መልእክቱ የተላከው አንድ ጊዜ ነው ወይስ ተደጋግሟል? ሲፈታትስ ጡህር (ከወር አበባ የጠራችበት ጊዜ) ላይ ነበረች? ከዚያ ወዲህ ሐይድ (የወር አበባ) ያየችባቸውን ቀናት ታስታውሳለች? ይቅርታ ይደረግልኝና የመጨረሻውን ጥያቄ እናትህ ብትጠይቅልህ ይሻላል፤ ዋናው መልስ የሚገኘው ግን እዚያ ነው።

የአዲስ ዓለም ልጅ፦

ጀዛከላሁ ኸይር። ጥያቄዎቹን በእናታችን በኩል አቅርቤ መልስ አግኝቻለሁ።

በመጀመሪያ፣ ትልቁ ልጅ በተወለደ ሰሞን ሁለት ሽማግሌዎች ባሉበት «ፈትቻታለሁ» ብሎ ነበር። በሳምንቱ እነዚያው ሽማግሌዎች አስታርቀው መለሷት፤ የቆጠረውም ሆነ የጻፈው ሰው የለም። እኔ ራሴ ይህን ያወቅሁት አሁን ነው። ሁለተኛ፣ መልእክቱ በስልኳ ላይ ሁለት ጊዜ ይታያል፤ ቃሉ አንድ ዓይነት ነው፣ በመካከላቸውም የደቂቃ ልዩነት እንኳ የለም። እሱ «ኔትዎርኩ ደግሞት ነው እንጂ እኔ የላክሁት አንድ ነው» ብሏል ተብሏል። ሦስተኛ፣ ሲፈታት ጡህር ላይ ነበረች። የመጀመሪያው ሐይድ በረጀብ መጨረሻ፣ ሁለተኛው በሻዕባን መጨረሻ መጥቷል። ሦስተኛውን በእርግጠኝነት ታውቀዋለች፤ የረመዳን የመጨረሻዎቹን ቀናት ስላልጾመች፣ ቀዷ የምታወጣቸውን (በኋላ ጾማ የምትተካቸውን) ቀናት ኩሽና ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ በእርሳስ አክብባቸዋለች። የዒድ ዕለትም ገና ስላልጠራች ወደ ሶላቱ አልሄደችም፤ ቤት ቀርታ ከእናታችን ጋር ምግብ ስትሠራ ነበር።

አንባቢ ከማራኪ፦

መልእክቱ ሁለት ጊዜ ከደረሰ ሁለት ጠላቅ (ፍቺ) ነው፤ ከድሮው ጋር ሲደመር ሦስት ሆነ ማለት ነው። አበቃ፤ ሌላ ባል ካላገባች በቀር አትመለስለትም። አንዳንድ ሰዎች ለአንድ ሌሊት የሚያገባ ሰው ፈልገው ነገሩን ያስተካክላሉ ሲባል ሰምቻለሁ።

የፊቅህ ደረሳ፦

ወንድማችን ከማራኪ፣ በሁለቱም ላይ መልስ ይገባል። የኋለኛውን በአጭሩ ልጨርሰው። ለመጀመሪያው ባል ሐላል ለማድረግ ብቻ የሚያገባውን ሙሐሊልንም፣ የሚደረግለትንም ሰው ነቢዩ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም ረግመዋል፤ እርግማን ያለበትን ነገር «ማስተካከያ» ብሎ መጥራት አይገባም።

ወደ ድግግሞሹ ስንመጣ፣ ሰው አንድን የፍቺ ቃል ደግሞ ቢናገርና ያሰበው ማጠናከር ብቻ ቢሆን፣ ፉቀሃዎች (የሸሪዓ ሕግ ሊቃውንት) እንደ አንድ ይቆጥሩለታል። እዚህ ጋ ያለው ደግሞ ከዚያም የቀለለ ነው፤ ሰውየው የላከው አንድ ከሆነ የኔትዎርክ ድግግሞሽ ጠላቅ ሊሆን አይችልም። ይህን የሚያጣራው ቃዲው (የሸሪዓ ዳኛው) ነው፤ ሰውየውን አቅርቦ፣ አስምሎ፣ የእሱንም ስልክ አይቶ። በአንድ ጊዜ ሦስት ብሎ የፈታ ሰው ጉዳይ ግን የተለየ ሰፊ ምዕራፍ ነው። የአራቱ መዝሀቦች (ሐነፊያ፣ ማሊኪያ፣ ሻፊዒያና ሐንበሊያ የሚባሉት የሸሪዓ ሕግ መንገዶች) አብዛኞቹ ዑለማዎች እንደ ሦስት ይቆጥሩታል። ኢብኑ ተይሚያና ተከታዮቻቸው ደግሞ በኢማሙ ሙስሊም የሐዲስ ዘገባ የኢብኑ ዐባስን ንግግር መሠረት በማድረግ አንድ ብለውታል፤ ይህም በነቢዩ ዘመን፣ በአቡበክር ዘመንና በዑመር የመጀመሪያ ሁለት ዓመታት ሦስቱ እንደ አንድ ይቆጠሩ እንደነበር የሚገልጸው ነው። ግብፅም እ.ኤ.አ. በ1929 ባወጣችው ሕግ ቁጥር 25 ይህንኑ ይዛለች። የእህታችን ጉዳይ ግን ከዚህ ክርክር ውስጥ የሚገባ ስላልሆነ ወደዚያ ባንሄድ እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ ትንሽ ስለሚረዝም ታገሡኝ።

ከመጀመሪያው ፍቺ ተነሥተን ስንቆጥር የረጀቡ ፍቺ ሁለተኛ ነው። የድሮው ፍቺ ሽማግሌ ስላስታረቀው አልተሰረዘም። አላህ በበቀራ 229 ላይ የሚመለስበትን ፍቺ ሁለት ብሎ ወስኖ፣ ከዚያ በኋላ በመልካም መያዝ ወይም በበጎ ማሰናበት ነው ብሏል። መመለስ ጋብቻን ይመልሳል እንጂ ቁጥርን አይመልስም። በእኛ አካባቢ ትልቁ ጉድለት ይኼ ይመስለኛል፤ ሽማግሌው ፀቡ መብረዱን ያያል፣ ባልየው ስንት እንደቀረው ግን አይነግረውም። ሰዎች ሦስተኛውን ሳያውቁት አልፈው ልጅ እየወለዱ የሚኖሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ የዒድ ዕለቱ ንግግር አለ። ሐይድ የምታይ ሴት ዒዳ በበቀራ 228 መሠረት ሦስት ቁሩእ ሲሆን፣ አቆጣጠሩ ላይ መዝሀቦች ተለያይተዋል። ሻፊዒያና ማሊኪያ ሦስት የጡህር ጊዜያትን ይቆጥራሉ፤ በጡህር የተፈታች ሴት የቀረው የዚያ ጡህር ጊዜ፣ ትንሽም ቢሆን፣ እንደ አንድ ይያዝላትና ሦስተኛው ሐይድ እንደጀመረ ዒዳዋ ያልቃል። በዚህ ስሌት የእህታችን ዒዳ ያበቃው የቀን መቁጠሪያዋ ላይ የመጀመሪያውን ክብ ባደረገችበት ዕለት፣ ረመዳን ሳይወጣ ነው፤ የዒድ ዕለቱ ንግግርም ጊዜው ካለፈ በኋላ የመጣ ይሆናል። ሐነፊያና ሐንበሊያ ደግሞ ሦስት ሙሉ ሐይድ ስለሚቆጥሩ፣ ሦስተኛው እስኪጠራ ድረስ ዒዳው አለ፤ በዚህ ስሌት በዒድ ዕለት በሩ ገና ክፍት ነበር። አንዲት ሴት በአንድ ቀን በአንዱ መዝሀብ ሚስት፣ በሌላው ባዕድ የምትሆንበት ሁኔታ በኪታብ ላይ ብዙ ጊዜ ይነበባል፤ እንዲህ ቁልጭ ብሎ በሰው ቤት ሲገኝ ግን ጥቂት ነው።

ይሁን እንጂ በሐነፊያው ስሌት ብንሄድም ሰውየው አላረፈም። ባል ዒዳው ካለቀ በኋላ መጥቶ «በዒዳው ውስጥ መልሻት ነበር» ቢል፣ እሷም ካላመነችለት፣ ማስረጃ የማቅረብ ግዴታው የእሱ ነው፤ ማስረጃ ካላመጣ የእሷ ቃል ይያዛል። እሱ የሚያቀርበው አንድ ጓደኛ ብቻ ነው፤ አንድ ምስክር ደግሞ አይበቃም። ለሚስት ሳይነግሩ መመለስ በራሱ ረጅዓውን አያፈርሰውም ይባላል። ምስክር ማቆምም በአብዛኞቹ ዘንድ ግዴታ ሳይሆን የተወደደ ነው። ነገር ግን የሐዲስ ሰብሳቢው አቡ ዳውድ እንደዘገቡት የነቢዩ ባልደረባ ዒምራን ኢብኑ ሑሶይን ሳያስመሰክር ፈትቶ ሳያስመሰክር የመለሰ ሰው ጉዳይ ሲቀርብላቸው፣ ያለ ሱና ፈትቶ ያለ ሱና እንደመለሰ ገልጸው፣ በፍቺውም በመመለሱም ላይ ምስክር እንዲያቆም አዘዋል። የሱረቱ ጦላቅ ሁለተኛው አንቀጽም ሁለት ፍትሐዊ ሰዎችን እንድናስመሰክር የሚያዝዘው እንዲህ ካለው ውዝግብ ሊጠብቀን ነው።

በእኔ አስተያየት ከዚህ ሁሉ የሚያወጣው መንገድ አዲስ ኒካህ ነው፤ እሷ ከፈለገች ማለቴ ነው። የዒድ ዕለቱ ረጅዓ በሐነፊያ ዘንድ ትክክል ኖሮ ቢሆን እንኳ ኒካሁን ማደስ አይጎዳም፤ ትክክል ካልነበረ ደግሞ ያለ እሱ አይሆንም። በሁለቱም መንገድ ሰውየው የሚቀረው አንድ ጠላቅ ብቻ እንደሆነ በግልጽ ተነግሮት፣ ቢቻል ተጽፎ፣ ምስክሮቹ ፊት ይፈርምበት።

እናት ከአዘዞ፦

አሰላሙ ዐለይኩም ልጆቼ። እኔ ኪታብ የቀራሁ ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን ብዙ ትዳር ሲፈርስና ሲጠገን አይቻለሁ። ልጄ የአዲስ ዓለሙ፣ አንተ ስለ ሰውየው ጥፋት ጻፍክ፤ እኔ ደግሞ ስለ ሁላችን ልማድ ልጻፍልህ።

በጎንደር አንዲት ሴት «ፈትቼሻለሁ» ከተባለች በዚያው ቀን ልጇን አዝላ፣ ፌስታሏን አንጠልጥላ እናቷ ቤት ትገባለች። እኛ እናቶችም «ነይ ልጄ» ብለን እንቀበላለን፤ ማደሯም ነውር ይመስለናል። ሸኾቻችን ሲያስተምሩ እንደሰማሁት ግን አላህ በሱረቱ ጦላቅ መጀመሪያ ላይ «ከቤቶቻቸው አታውጧቸው፤ እነሱም አይውጡ» ብሎ፣ ግልጽ የሆነ ጸያፍ ሥራ ካልፈጸሙ በቀር ማስወጣትን ከልክሏል። ምክንያቱንም እዚያው አስቀምጦታል፤ ከዚያ በኋላ አላህ ሌላ ነገር ሊያመጣ ይችላል ብሏል። ያ ሌላ ነገር የሚመጣው እኮ ጠዋት ቡናው ሲፈላ፣ ልጁ አባቱ ጭን ላይ ሲቀመጥ፣ የአንዷ ሳል በሌላው ክፍል ሲሰማ ነው። እነዚያን ሦስት ወራት አንድ ጣሪያ ሥር ቢያሳልፉ ስንቱ ሽማግሌ ሳያስፈልገው ይታረቅ ነበር። እኛ ግን በመጀመሪያው ቀን እናወጣታለን፣ ዒዳው ሲያልቅ ሽማግሌ እንልካለን፤ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ነው የምንሮጠው። ቀለቧም በዒዳ ጊዜ በእሱ ላይ ነበር፤ እሱ ረሳው፣ እኛም አልጠየቅነውም።

ሽማግሌዎቹም ቢሆኑ ዒዳው ካለቀ በኋላ ሲመጡ እሷን መለመን እንጂ ማዘዝ አይችሉም። በነቢያችን ዘመን ባሪያ የነበረችው በሪራ ነፃ ወጥታ ባሏን ሙጊስን የመተው ምርጫ ባገኘች ጊዜ፣ ሙጊስ በመዲና መንገድ እያለቀሰ ይከተላት ነበር። ነቢዩ «ብትመለሺለት» ሲሏት «ያዝዙኛልን?» አለች፤ «እኔ አማላጅ ብቻ ነኝ» ቢሏት «አልፈልገውም» አለች፤ እሳቸውም ተዉአት። ከእሳቸው የበለጠ ሽማግሌ ማን አለ? ስለዚህ ልጅቷ የምትናገረውን እናትህ ብቻ ሳትሆን አንተም ቁጭ ብለህ ከአፏ ስማ።

የአዲስ ዓለም ልጅ፦

እናቴ፣ አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። ትናንት ማታ ከእህቴ ጋር ብቻችንን ተነጋግረናል። ወደ ባሏ መመለስ እንደምትፈልግ፣ ነገር ግን ወደዚያው ቤት እንደማትገባ ነገረችኝ። ከአማቷ ጋር በአንድ ኩሽና መኖር ትዳሯን እንደጎዳው፣ ሰውየው ራሱም እናቱ ሲኖሩና ሳይኖሩ ሁለት ሰው እንደሚሆን ነው የምትለው። ስለ ዒድ ዕለቱ ንግግር ጠይቄያት «ብሎ ይሆናል፣ ላይልም ይችላል፤ ለእኔ አልነገረኝም» ብላለች። እኔ ግን እውነቱን ለመናገር አሁንም ልቤ አልተቀበለውም። አክብረን ሰጥተነው፣ በስልክ ጽፎ ወደ እኛ የመለሳትን ሰው እንደገና እጁን ይዤ ኒካህ ማሰር ይከብደኛል። እሷ በእኔ ሥር ናት፤ ለእሷ የሚበጃትን እኔ አውቃለሁ ማለት አልችልም? መሐላውስ?

የፊቅህ ደረሳ፦

ወንድሜ፣ አንተ የተናገርከውን ቃል በቃል ማለት ይቻላል ከአንተ በፊት የተናገረ ሶሐባ (የነቢዩ ባልደረባ) አለ። መዕቂል ኢብኑ የሳር እህቱን ለአንድ ሰው ዳረ፤ ሰውየው ፈታት፤ ዒዳዋ ሲያልቅ ደግሞ ሊያገባት ጠየቀ። መዕቂልም ድሬህ አክብሬህ ነበር፣ ፈታሃት፣ አሁን ደግሞ ልትጠይቃት መጣህ፣ ወላሂ ፈጽሞ አትመለስልህም አለው። ቡኻሪ እንደዘገቡት ሰውየው ነውር የሚወጣለት ሰው አልነበረም፤ ሴትየዋም መመለስ ትፈልግ ነበር። በዚህ ጊዜ የበቀራ 232ኛው አንቀጽ ወረደ፤ ሴቶች ዒዳቸውን ከጨረሱ በኋላ በመካከላቸው በመልካም ከተስማሙ ባሎቻቸውን ከማግባት አትከልክሏቸው የሚል ነው። መዕቂልም አሁን እፈጽማለሁ ብሎ ዳራት፤ በአቡ ዳውድ ዘገባ ለመሐላውም ከፋራ (የፈረሰ መሐላ ማካካሻ) አውጥቷል። ይህ አንቀጽ የወረደው በባል ላይ ሳይሆን በወንድም ላይ መሆኑን ልብ በል።

ይህ ማለት ግን ዓይንህን ጨፍነህ ስጥ ማለት አይደለም። አንቀጹ ራሱ «በመልካም ከተስማሙ» የሚል ገደብ አለው። ከእሱ በፊት ያለው 231ኛው አንቀጽ ደግሞ ወንዱ ለመጉዳትና ወሰን ለማለፍ ብሎ እንዳይዛት ይከለክላል። 228ኛውም ባሎች የመመለስ መብት ያላቸው እርቅን ከፈለጉ እንደሆነ ይናገራል። ከእጁ ጉዳት ቢደርስባት፣ ወይም ዲኑ የማይታመን ቢሆን ኖሮ መከልከልህ አግባብ ይኖረው ነበር። አንተ ያቀረብከው ምክንያት ግን መናቅህን ነው፤ ይህ የአንተ ቁስል ነው፣ የእሷ ግን አይደለም። ወሊይ ያለ በቂ ምክንያት ቢከለክል ቃዲው ሊድራት ይችላል። በሐነፊያ ዘንድ ደግሞ አካለ መጠን የደረሰች ሴት ራሷ ኒካህ ማሰር ስለምትችል፣ መከልከልህ እሷን ከማስከፋት በቀር ላይሠራልህም ይችላል።

የምትጠይቀው ቤት ልመና አይደለም። በሐነፊያ ኪታቦች ሚስት የባሏ ቤተሰብ የማይኖርበትን መኖሪያ የማግኘት መብት አላት፤ ራሷ ከእነሱ ጋር መኖርን ካልመረጠች በቀር። በአዲሱ ኒካህ ላይ ይህን እንደ ቅድመ ሁኔታ ማስጻፍ ትችላላችሁ፤ የኒካህ ቅድመ ሁኔታን በማክበር ረገድ ከሁሉም ጠንካራው ሐንበሊያ ነው። ወሊይነትህን የምትጠቀምበት ትክክለኛ ቦታ ይኼ ነው ብዬ አምናለሁ። ከመከልከል ይልቅ ኪራዩ ተከፍሎ፣ ቁልፉ በእጇ ገብቶ፣ ከዚያ በኋላ ኒካሁ እንዲታሰር አድርግ።

ጠበቃ ከአራዳ፦

በሃይማኖቱ ዝርዝር ውስጥ አልገባም፤ የሕጉን በኩል ግን ልጨምር። በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ጋብቻ በፍቺ የሚፈርሰው በፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ስለዚህ ጋብቻው በመዝገብ ላይ ካለ፣ በስልክ የተላከ መልእክት በመንግሥት መዝገብ ላይ ያለውን ጋብቻ በራሱ አያፈርሰውም። ሰዎቹ በዲናቸው ተፋተው በወረቀት ባልና ሚስት ሆነው የሚቀሩበት ሁኔታ አለ፤ ይህም በንብረትና በውርስ ጊዜ ትልቅ ጣጣ ያመጣል።

ሸሪዓ ፍርድ ቤት መሄድ ከፈለጋችሁ ደግሞ ዋናው መርህ ፈቃድ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በሃይማኖት ሕግ መሠረት በተከራካሪዎቹ ፈቃድ እንዲዳኙ ይፈቅዳል። የፌዴራሉን ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 188/1992ም የሁለቱን ወገኖች ስምምነት ይጠይቃል። ቃዲው ጋ አንዱ ወገን «አልቀበልም» ካለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። ሁለቱም ፈቃደኛ ሲሆኑ ግን ጥቅሙ ብዙ ነው። የድሮው ፍቺ፣ የረጀቡ ፍቺ፣ የዒድ ዕለቱ ክርክርና አዲሱ ኒካህ በአንድ መዝገብ ላይ ይሰፍራሉ፤ ነገ የሚነሣ ጥያቄ ካለም መልሱ እዚያ ይገኛል።

በተጨማሪ አንድ ነገር ላሳስብ። የመጀመሪያው ኒካህ ሲታሰር ሳይከፈል የቀረ መህር ካለ፣ አዲሱ መህር አይተካውም፤ እሱ ዕዳ ሆኖ ይቀጥላል። ብዙ ቤተሰቦች «ተመለሰች እኮ» ብለው ወርቁን ይረሱታል።

ነጋዴ ከቅዳሜ ገበያ፦

የደረሳውንና የእናታችንን ጽሑፍ አንብቤያለሁ። ሽማግሌ ሆኜ ብዙ ቤት ገብቻለሁ፤ ከእንግዲህ ስገባ ቁጥሩን ሳልጠይቅ አልገባም። ሆኖም በጉ ይቅር አትበሉኝ፤ ቃዲው ሲጨርስ በጉ ይታረዳል።

የአዲስ ዓለም ልጅ፦

አላህ ሁላችሁንም ይመንዳችሁ። ዛሬ ከሽማግሌዎቹ ጋር እንደገና ተገናኝተናል። ሰውየው መልእክቱን አንድ ጊዜ ብቻ እንደላከ በቃዲው ፊት ሊምል፣ የድሮው ፍቺም እንዲመዘገብ ተስማምቷል። የዒድ ዕለቱን ንግግር በተመለከተ ክርክር ሳናበዛ አዲስ ኒካህ እንዲታሰር ብለናል። እህቴ የጠየቀችው ቤት ቀሐ ወንዝ በኩል እየተፈለገ ነው፤ ቁልፉ እጇ ሳይገባ ኒካህ እንደማይኖር ነግሬያቸዋለሁ፣ እነሱም አልተቃወሙም። ከመጀመሪያው መህር ያልተከፈለ አንድ የአንገት ሐብል አለ፤ እሱንም አስጽፌያለሁ።

የቀረኝ የመሐላዬ ጉዳይ ነው። ከፋራውን አሁን ላውጣ ወይስ ኒካሁ እስኪታሰር ልጠብቅ? በብር መስጠትስ ይቻላል?

የፊቅህ ደረሳ፦

በሱረቱል ማኢዳ 89ኛው አንቀጽ መሠረት ከፋራው አሥር ምስኪኖችን ማብላት ወይም ማልበስ ወይም ባሪያ ነፃ ማውጣት ነው፤ ይህን ያልቻለ ሰው ሦስት ቀን ይጾማል። አንተ ማብላት ስለምትችል ወደ ጾሙ አትሂድ። በሐነፊያ ዘንድ መሐላው ከመፍረሱ በፊት የወጣ ከፋራ አይቆጠርም፤ ሌሎቹ መዝሀቦች ግን ከመፍረሱ በፊት ማብላትን ይፈቅዳሉ። ስለዚህ ኒካሁን ካሰርክ በኋላ ብታወጣው በሁሉም ዘንድ ያስኬድሃል። ብር መስጠትን የሚፈቅዱት ሐነፊያ ናቸው፤ የቀሩት ሦስቱ እህሉ ወይም ምግቡ ራሱ እንዲሰጥ ይሻሉ። አሥር ሰው ለማብላት አዲስ ዓለም ውስጥ ሩቅ መሄድ አያስፈልግህም፤ ምግቡን ስጥ።